የመድኃኒት ቤቱ ስድስት ፊደላት

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚክያስ ጓዳው ወለል ላይ ሞቶ ሲገኝ መርፌው ከክንዱ አልወጣም ነበር። የማደንዘዣው ካዝና ተከፍቷል። ካዝናውን የሚከፍቱት ስድስት ፊደላት በየማለዳው ይቀየራሉ፤ የሚደርሱትም ሟቹ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የሆሳዕና ከተማ «ራሱን አጠፋ» አለች። ሚስቱ ዓለሚቱ ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ኢንስፔክተር ከበቡሽ ጥያቄያቸውን በመድኃኒት ቤቱ ሻጭ በትርፊት ጀመሩ።

«ድምፅ አልሰማሽም?»

«በምን ጆሮዬ! የጎረቤት ወፍጮ ሲፈጭ ነው የዋለው።»

የሟቹ ሸሪክ ሽብሩ ቀጠለ። «እኔማ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ሻማ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ... ምን ልበልዎ!»

ፊደላቱን የሚያወጣውን ፕሮግራም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው የሟቹ እህት ልጅ አቢጋኤል ጥግ ቆማለች። ኢንስፔክተሯ ወደ እሷ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ፊደሎቹ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ያወጣቸዋል። ማንም ሊገምታቸው አይችልም።» በምረቃዋ ቀን ለዘመድ ሁሉ ያለችው ይህንኑ ነበር።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ሲመለስ ፕሮግራሙ ራሱ ይነሳና አዲስ ያወጣል።»

ኢንስፔክተሯ ቆጣሪውን አጥፍተው አበሩ። ስድስት ፊደላት የሟቹ ስልክ ላይ መጡ። ደግመው አጥፍተው አበሩ። እነዚያው ስድስቱ መጡ።

የአቢጋኤል ፊት እንደ እሳት ነደደ። ስትሞክረው ውጤቱ እንዳይቀያየርባት ፕሮግራሙን በተነሳ ቁጥር ከአንድ ቋሚ ቁጥር እንዲጀምር አድርጋው ነበር። ያንን የፕሮግራም መስመር ሳታወጣው መቅረቷን ለኢንስፔክተሯ ነገረቻቸው።

ከበቡሽ ሁሉንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰቡ።

«አቢጋኤል ሳታወጣው በቀረችው አንድ የፕሮግራም መስመር የተነሳ መብራት በጠፋ ቁጥር እነዚሁ ፊደላት እንደሚመለሱ ከሚክያስ ጎን የሚሠራ ሰው አይቷል። በእነሱ እየከፈተ ማደንዘዣ ሾኔ ከተማ ወስዶ ሸጠ። ሚክያስ ደረሰበት። ያን ቀን መብራት አልጠፋም፤ ወፍጮው በመብራት ነው የሚሠራው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም ከእናንተው ምሰሶ ነው። ቆጣሪውን አጥፍተህ፣ ካዝናውን በእነዚያው ፊደላት ከፍተህ ሚክያስን የወጋኸው አንተ ነህ፣ ሽብሩ።»

ሽብሩ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ጣቱን ወደ አቢጋኤል ቀሰረ። «እኔን ብቻ ምን ታዩኛላችሁ? በፕሮግራሟ ካዝናውን የከፈተችልኝ እሷ ናት!»

ማንም ዝም በል አላለውም። ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ አቢጋኤል እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋች።

«ላጥፋው?»

«አትንኪው። ማስረጃ ነው፤ እንዳለ ችሎት ይቀርባል። የምታስረጂውም አንቺው ነሽ።»

ዓለሚቱ እንባዋን ጠርጋ ቀረበቻት። ባሏ ራሱን እንዳላጠፋ ገና አሁን ነው የሰማችው።

«አቢጊ፣ ምንድን ነው የሚለው እሱ መስመር?»

«ሁልጊዜ ከዚሁ ጀምር ነው የሚለው፣ እትዬ» አለች፤ ቀና ሳትል።