ከቆረቆንዳ ያልተሠራው ከሰል

ሚዛን ጠፍጣፋውን ከሰል በሁለት እጇ ይዛ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። ውስጡ ጥፍር የምታህል የእንጨት ከሰል ስባሪ ተሰክታለች፤ የግንዱ መስመሮች እንኳ አልጠፉም። ሌላ ሰበረች። ያው ነው።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች።

ጓደኛዋ ጩሉሌ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆማ ማስቲካ ታላምጣለች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«የበቆሎ ቆረቆንዳ እንዲህ ዓይነት መስመር የለውም። በርሜል ውስጥ ያከሰልነው፣ ፈጭተን በዱቄት ሙጫ ያቦካነው እኔና አንቺ ነን። ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ጩሉሌ ማላመጧን አቆመች። «ከገበያ። የእንጨት ከሰል ገዝቼ ፈጨሁት፣ ጠፈጠፍኩት። ምን ይጠበስ ታዲያ?»

«የኛውስ?»

ጩሉሌ በአገጯ ወደ ጥግ አመለከተች። ሚዛን ጆንያውን ፈታችው። ከሰሎቹ ሁሉ ተሰነጣጥቀዋል፤ ስትነካቸው ይፈረፈራሉ። ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው እንዲደርቁ ነበር ሁለቱ ልጆች የተስማሙት።

«ቆርቆሮ ላይ አሰጣሻቸው፣ አይደል? ፀሐይ ላይ!»

«እንዲፈጥን ብዬ ነዋ! አንቺ ደግሞ ሁሉን ካልመዘንሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። ነገ ይነዳል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ማን ሰብሮ ያያል?»

ሚዛን እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «እኔ ሰብሬ አየሁ! ትናንት ለሙከራ ያነደድሽውን ‹እንዴት ነደደ?› ስልሽ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ‹እሳቱ ጉድ ነው› አልሽኝ። እኔ ቂሏ ደግሞ ሮጬ ለእትዬ ነገርኳቸው!»

እትዬ የሚሏቸው የትምህርት ቤቱን ምሳ የሚያበስሉትን ሴት ነው። የማገዶ ጭስ ዓይናቸውን አቅልቶታል። የቆረቆንዳው ከሰል ነገ ምሳውን ካበሰለ፣ ትምህርት ቤቱ እንጨት መግዛቱን ሊያቆም ነው።

«ከነገ ወዲያስ?» አለች ሚዛን። «ከነገ ወዲያ ምን ያነዳሉ? ያንቺን የገበያ ከሰል?»

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ። «የኔ ልጆች፣ ተጣላችሁ እንዴ? ጩኸታችሁ እኮ ድስቴን ሊያስገነፍለው ነው!» ሳቁ። «እንጨት ነጋዴው ደጅ ቆሟል። ጭነትህን ይዘህ ሂድ፣ ዳግመኛም አትምጣ ልበለው አይደል?»

ጩሉሌ ሚዛንን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አዎ በያቸው» አለች በሹክሹክታ።

ሚዛን የጩሉሌን ክርን ገፋ አደረገችው።

«አይ እትዬ፣ አይበሉት። እነዚህ ከእንጨት ከሰል የተሠሩ ናቸው። የቆረቆንዳው ተበላሽቷል። እንደገና መሥራት አለብን።»

እትዬ ሁለቱንም በየተራ አዩ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። «እሺ» ብለው ወጡ። ወዲያው እንጨት ሲራገፍ ተሰማ።

«ጉድ ሠራሽኝ!» አለች ጩሉሌ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በቃ፣ ተኳረፍን ማለት ነው?»

ሚዛን የተሰነጣጠቁትን ከሰሎች ሙቀጫ ውስጥ ገልብጣ ባላት ኃይል ሁሉ ትወቅጥ ጀመር። ጥቁር አቧራ ፊቷን አለበሰው። አንዴ ብቻ ቀና አለች።

«ተናድጄብሻለሁ። ገና አልበረደልኝም። ባልዲውን ያዢና ውሃ አምጪ።»