ገመድ ያልተሰካበት መብራት

እኔ ጂን፣ ዛር፣ ጥላ የሚባለውን ወሬ የሰነፍ ማምለጫ ነው ብዬ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልጆቼን ጠይቋቸው፣ በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ያወራ ሰው ሻይ እንኳን አይጠጣም ነበር። የኤሌክትሪክ ሥራንም ማንም አላስተማረኝም፣ ያገኘሁትን እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ አውቅ ነበር ልበል።

የምሠራው አሶሳ ዳር ባለ የእብነበረድ መቁረጫ ነው። መጋዙ፣ የውኃ ፓምፑ፣ ድንጋይ ማንሻው ሁሉም የሚነጋገሩት በአንድ የኔትወርክ መስመር ነው፣ እንደ እድር ስም ጥሪ እያንዳንዱ በተራው «አለሁ» ይላል፣ ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ካላለቀ ዋናው መቆጣጠሪያ መጋዙን ያቆማል። ሥራ አስኪያጃችን በዚያው መስመር ላይ ካሜራዎች አስገጠመ።

«ባዶ መሰኪያ እያለ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ።

«መሰኪያ አለ ማለት ጊዜ አለ ማለት አይደለም፣ በሩ ሰፊ ነው ተብሎ ጎጆ የሠርግ እድምተኛ አያሳድርም» ብዬው ነበር፣ አልሰማም። ሳምንቱን ሙሉ መጋዙ ድንጋይ መሃል እየቆመ አበሳጨን።

አርብ ቀን ሠራተኛው ለጁምዓ ሲወጣ፣ መጋዙን የምታንቀሳቅሰውን ልጄን ሕይወትንም ለምሳ ሸኘኋትና፣ ካሜራዎቹን ነቅዬ መጋዙን ልሞክር ማስነሻውን ተጫንኩ። እምቢ አለ። ስክሪኑ «ከተፈቀደው በላይ መሣሪያ አለ» ይላል። የምን መሣሪያ? ካሜራዎቹ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድመዋል! ደግሜ ተጫንኩ፣ እምቢ። እመኑኝ፣ ያኔ የተሰማኝ ንዴት እንጂ ፍርሃት አልነበረም። ከመጋዙ ኋላ፣ ገመዶቹ ከሚገናኙበት ሳጥን በኩል፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቀጭ።

ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። አንዱን ካሜራ የነቀልኩበት ባዶ መሰኪያ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በጣቴ ዳሰስኩት፣ ገመድ የለውም። ከሥር የተረሳ ገመድ ይኖር እንደሆነ ጎንበስ ስል፣ ወለሉ ላይ የልጄን የላስቲክ ጫማ አየሁ።

ቀና አልኩ። ለምሳ የሸኘኋት ሕይወት በመጋዙ ምላጮች መሃል እስከ ትከሻዋ ገብታ የተደፈነ የውኃ ቀዳዳ በሽቦ ትጎረጉራለች።

«ውጪ!» ድምፄ የእኔ አልመስልህ አለኝ።

«እንዴ አባዬ፣ ምነው? ጁምዓ አይደል፣ ማን ያስነሳዋል?»

«እኔ ነኛ! እጅ ከመግባቱ በፊት ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፣ ቁልፉ ኪስ ይገባል፣ ስንቴ ልንገርሽ?»

«አንተስ ሳታይ ትጫናለህ?»

እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፣ እንዲህ ያለ እፎይታ ስትወለድም አልተሰማኝም።

ፎርማናችን አልሃዲ፣ የበርታ ሰው ነው፣ ከመስጊድ ሲመለስ ነገርኩት።

«ልጅህ ደህና ናት፣ አይደል? አልሃምዱሊላህ በል። ማን ነው ብለህ አትጠይቅ።»

«ብልሽት ነው፣ አልሃዲ።»

«ብልሽት ከሆነ ለምን በሹክሹክታ ታወራለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጄን አጠገቤ አቁሜ ማስነሻውን ስጫን መጋዙ ሳያቅማማ ተነሣ፣ መብራቱም ጠፍቷል። ድምፁ የሕይወት ሽቦ ነበር ልበል፣ መብራቱንስ? ሳጥኑን ፈታትቼ አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም። ካሜራዎቹ የራሳቸው መስመር ተዘረጋላቸው፣ መጋዙም ከዚያ ወዲህ አልቆመም፣ ተመስገን። ብቻ አዲስ መሣሪያ በገጠምን ቁጥር መስመሩ ላይ የአንድ መሣሪያ ቦታ ክፍት እተዋለሁ።

በቀደም ሕይወት «ይኼ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።