በሩን ድሮኑ አላየውም

ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ፖሊስ አላመነኝም፣ ሚስቴም አላመነችኝም። እናንተ ብትጨመሩ ምን ይጎድልብኛል?

ግን ሆኗል። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።

ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ጨለማ የለ፣ ጭር ያለ ሌሊት የለ... ፀሐይ አናት ላይ ቆማ።

ቦታው አቃቂ፣ ወንዙ ዳር ያለ የተዘጋ የክር መጋዘን። እኔ ጥበቃው ነኝ። ሳህሌ እባላለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ደብዳቤ ማንበብ ግን አያቅተኝም።

ግቢው ዙሪያውን በብሎኬት የታጠረ ነው። ቁመቱ ሁለት ሰው ይሆናል፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። መጋዘኑ ታሽጓል። መግቢያውም መውጫውም አንድ የላሜራ በር ነው። ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ሁለት ልጆች መጡ። ዮዲ የምትባል ጋዜጠኛ እና ብሩህ የሚባል ድሮን አብራሪ። ወንዙ ሞልቶ ሰው ቤት ገብቶ ስለነበር፣ ያንን ከላይ ቀርጸው ለዜና ሊያደርጉት ነው።

ዮዲ ስሜን ጠየቀችኝና «ጋሽ ሳህሌ፣ ከዚህ ግቢ ውስጥ እናስነሳው?» አለችኝ። «ሜዳው ማጥ ሆኗል፤ ሰዉም ከቦን አላሠራ አለን።»

«ፈቃድ አላችሁ?»

ባለማህተም ደብዳቤ ሰጠችኝ። እየጎተትኩ አነበብኩት። መነሻው ድልድዩ አጠገብ ያለው ሜዳ። ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት። ድሮኑ ከአብራሪው ዓይን እንዳይርቅ። በፋብሪካና በመጋዘን ግቢ ላይ በፍጹም እንዳይበር።

«እዚህማ አይቻልም ይላል።»

«ትንሽ ደቂቃ ነው ጋሼ። እርስዎንም እናናግርዎታለን... የአካባቢው ነዋሪ ብለን፣ ከነስምዎ።»

እዚህ ላይ ተሸነፍኩ።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ የምሠራበት የክር ፋብሪካ ተዘግቶ ሲበትነን የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው፣ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ገትረው አናግረውኝ ነበር። ማታ ጎረቤት ሰብስቤ ዜናውን ስጠብቅ የወጣው ጫማዬ ብቻ ነው። ጫማዬ! ድምፁ የሌላ ሰው። እስከ ዛሬ ሰፈሩ «ጫማው» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ከፈትኩላቸው። ገቡ።

ድሮኑ እንደ ንብ መንጋ እያጉረመረመ ተነስቶ ወደ ወንዙ ሄደ። እኔ ጃኬቴን አራግፌ፣ ፀጉሬን በእጄ አስተካክዬ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ያኔ ነው ብሩህ ወደ ዮዲ ጠጋ ብሎ ሹክ ያላት።

«ዘበኛ ቀርጸን ምን ልናደርገው ነው? እሺ እሺ ብለሽ እለፊው።»

ዘበኛ!

ጆሮዬ አልደነቆረም። በሆዴ ያዝኩት። 

ድሮኑ ተመለሰ። ብሩህ ግን አላወረደውም።

«አንዴ ግቢውን ከላይ ልያዘው። ወንዙ ውስጥ የሚገባው የፍሳሽ ቱቦ ከዚህ ነው የሚወጣው።»

«ተው፣ ፈቃዱ ላይ ክልክል ነው» አለችው ዮዲ።

«ማን ያያል?»

እኔም በትከሻው አሻግሬ የመቆጣጠሪያውን ስክሪን አየሁ።

መጀመሪያ ልብ ያልኩት ጥላውን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ እግር ሥር ነው የሚገባው። ስክሪኑ ላይ ግን የመጋዘኑ ጥላ ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ላይ ወጥቷል... ልክ እንደ አሥራ አንድ ሰዓት።

ቀጥሎ ወንበሬን አየሁ። በሩ አጠገብ የማስቀምጣት ወንበር ናት።

ወንበሯ አለች።

በሩ የለም። እዚያ ጋ ያለው ብሎኬት ነው።

ዞር ብዬ አየሁ። በሩ ቦታው ላይ ነው፤ ዝገቱ ሳይቀር ይታየኛል። ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ... ብሎኬት።

«ብሩህ... በሩስ?» አለች ዮዲ በቀስታ።

«ካሜራው ዞሮ ነው።»

«እኛስ?»

ሦስታችንም ግቢው መሃል ቆመናል። ስክሪኑ ላይ ግን ባዶ መሬት ነው።

«አውርደው! አሁኑኑ አውርደው!»

«እያወረድኩት ነው... አይሰማኝም።»

ባትሪው ሃያ ሁለት በመቶ ይላል። አሥራ ሦስት... ሰባት... አራት። አራት ላይ ቆመ። ድሮኑ አናታችን ላይ ንቅንቅ አላለም።

ዮዲ «ለአለቃዬ ልደውል፣ እዚህ ኔትወርክ የለም» ብላ ወደ በሩ ሮጠች። ከፈትኩላት። በደህና ወጣች።

ብሩህ መቆጣጠሪያውን እንደያዘ ተከትሎኝ መጣ። 

«ጋሼ፣ እኔም ልውጣ። ከውጪ ሆኜ ልሞክረው። በስሜ ነው የተመዘገበው፤ ከጠፋ የሚይዙት እኔን ነው።»

«መጀመሪያ ያልከውን ድገመው።»

«ምኑን?»

«ዘበኛ ያልከውን።»

«ኧረ ጋሼ፣ አሁን የዚህ ጊዜ ነው?»

«ይቅርታ በል።»

«ይልቀቁኝ እንጂ ሰውዬ!» ብሎ ደረቴን ገፋ አደረገኝ።

ወደ ውጪ አንድ እርምጃ ወጣሁ። በሩን ሳብኩት። ሰንሰለቱን አዞርኩና ቆለፍኩት።

«ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ቆይ! ክልክል ቦታ ያበረርከው አንተ ነህ!»

የምሬን አልነበረም። ትንሽ ላስለምነው ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል።

በሩን ደበደበው። ላሜራው ጓ... ጓ... ጓ... አለ።

«ጋሼ ይክፈቱልኝ!»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ልዋሽ አልችልም።

«እሺ ይቅርታ! ጋሼ፣ ይቅርታ አልኩ እኮ!»

ትንሽ ልጨምርለት ብዬ ቆምኩ።

ያኔ ድምፁ ተለወጠ። ጓ ማለቱ ቀረና... ድው... ድው... ማለት ጀመረ። ብረት የሚመታ አይመስልም። ግድግዳ የሚመታ እንጂ።

«ጋሼ...» ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። «ጋሼ... በሩ የታለ?»

ቁልፉ ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከፈትኩት።

ግቢው ባዶ ነው።

ድሮኑ አናቱ ላይ የለም። መቆጣጠሪያው መሬት ላይ ወድቋል፣ ስክሪኑ በርቷል። የመጋዘኑ ማሸጊያ አልተነካም። አጥሩ ላይ ካለው ጠርሙስ አንድም የተሰበረ የለም።

መቆጣጠሪያውን አነሳሁት።

ብሩህ እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ ሆኖ ይታያል፣ እንደ ጉንዳን አንሶ። ቀኝ እጁን አጥሩ ላይ አድርጎ፣ እየዳበሰ ዙሪያውን ይሄዳል።

የዮዲን የእግር ኮቴ ስሰማ መቆጣጠሪያውን ጃኬቴ ሥር ሸሸግኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ፈራሁ።

ፖሊስ አሥራ ሦስት ቀን ይዞኝ ለቀቀኝ። ልጁ የድሮኑን ጣጣ ፈርቶ ጠፍቷል ተባለ። ዮዲ እስከ ዛሬ በዚህ ስታልፍ ፊቷን ታዞርብኛለች።

መቆጣጠሪያውን ከመያዜ በፊት ጥበቃ ቤት፣ ፍራሼ ውስጥ ደብቄው ነበር። ስመለስ እንደበራ አገኘሁት።

አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ባትሪው ሁልጊዜ አራት ነው። ብሩህ ሁልጊዜ ይዳብሳል።

ቤቴ መግባት ትቻለሁ። እኔ ዞር ስል ስክሪኑ ቢጠፋስ? ሚስቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ እንኳ ከግቢው አልወጣም።

በሩን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት አድርጌ እተወዋለሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎብኛል። ይጻፍ። እኔ ክፍት በር ላይ ዓይኔን ተክዬ እውላለሁ፤ እሱ በዚያው ቦታ ብሎኬቱን እየዳበሰ ያልፋል።

ሲያልፍ አቧራ ይወርዳል። ምንም በሌለበት፣ በተከፈተው በር አየር ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት... ነጭ የሲሚንቶ አቧራ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይወርዳል።

የብሩህ እናት እትዬ አስቴር ከሳሪስ አቦ ነው የምትመጣው። በየሳምንቱ። ልጇ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ነውና አትቀርም።

«ሳህሌ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ» ትለኛለች። «ሌላ ጥበቃ ቢሆን ያባርረኝ ነበር።»

መቆጣጠሪያውን አላሳየኋትም። ባሳያት፣ ማን ቆለፈበት ትለኛለች።

ዛሬ መጥታ እንደ ልማዷ የተከፈተው በር መሃል፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጥበቃ ቤት ሆኜ ስክሪኑን አየሁ።

ብሩህ እየዳበሰ መጣ። እሷ ያለችበት ጋ ሲደርስ ቆመ።

እስከ ዛሬ እዚያ ቆሞ አያውቅም።

ተንበረከከ። በሁለት እጁ ብሎኬቱን መቧጨር ጀመረ።

አቧራው ነጠላዋ ላይ ወረደ። በእጇ አራገፈችው። እንደገና ወረደ።

«አሁን ይሄ አቧራ ከየት ነው?» ብላ ቀና አለች። ከላይዋ ሰማይ ብቻ ነው።

ደግማ ልታራግፍ እጇን ሰደደችና... ቆመች። መዳፏ ላይ የሆነ ነገር አየች።

ወጥቼ ጠጋ አልኩ።

ጥፍር ነው። ከነሥሩ የተነቀለ።

«ሳህሌ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሙቀቱ አልለቀቀውም።»

መዳፏን ጨበጠች። 

ይሄን ስጽፍ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በሩ ክፍት ነው። እትዬ አስቴር እጇን እንደጨበጠች ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ አቧራው አሁንም ነጠላዋ ላይ ይወርዳል... እሷም ማራገፉን ትታዋለች።