የጉዞው ቀን

«እሺ፣ ማንግሮቩንስ ከየት ልናመጣው ነው?» አለች ርብቃ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሐረገ ወይን አልሳቀችም። ጠመኔ እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ቆማ በአንድ እግሯ ወለሉን ትመታለች። የተፈጥሮ ክበቡ ጸሐፊ እሷ ናት፤ ጉዞውን እንድታቅድ የተመረጠችውም እሷ ናት። ለምን እንደተመረጠች ማንም አልጠየቀም። በንፋስ መውጫ ካሉ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል እንደ እሷ አርፎ መቀመጥ የማይችል አልነበረም። መምህር ጌታነህ ራሳቸው «ይቺን ልጅ ሥራ ካልሰጠናት ክፍሉን ትንጠዋለች» ብለው ነው ኃላፊነቱን የጣሉባት።

መምህሩ ከኢንተርኔት ያገኙትን የሌላ አገር የጉዞ ዕቅድ አትመው አምጥተው ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ዝናብ ደን፣ ተራራና ባሕር ዳር የሚበቅለውን ማንግሮቭ የሚያሳይ ጉዞ ነው። «ይህን የመሰለ የራሳችሁን አቅዱ» አሏቸው። «ሁለት ቀን፣ አንድ መኪና። ከዚያ በላይ የለም።»

ተራራው አላስቸገረም፤ ጉና እያለ ማን ሌላ ይፈልጋል? ለደኑም ከደብረ ታቦር በታች ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተመረጠች። ዛፎቿ ዝናብ ደን ባይባሉም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ጉሬዛም አለባቸው ይባላል። ማንግሮቩ ግን፣ እግሩን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚኖረው ያ ጉደኛ ዛፍ፣ ባሕር በሌለው አገር ከየት ይምጣ?

«ደንገል አለ እኮ» አለ ዳዊት ከመጨረሻው ወንበር።

ሁሉም ዞረው አዩት። ዳዊት በዚያው አካባቢ ካለችው ከቤተ ልሔም ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ልጅ ነው። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ሰኞ ጠዋት ስንቁን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፣ ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰቦቹ ይመለሳል። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን የሚያስቅ ነገር አያጣም።

«ደንገልም እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚኖረው። ጣና ዳር ሞልቷል አሉ። ጨው ከጎደለው ከቤታችን ይዘንለት እንሄዳለን።»

ክፍሉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ሐረገ ወይን አሁን እሷም እየሳቀች ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ጉና፣ ደን፣ ደንገል። ከሥሩም ቀኑን አስገባች፦ ጥቅምት ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት፣ ቅዳሜና እሑድ። ፈተና እንደሌለ አጣርታለች። የሾፌሩ የጋሼ ይሁኔ ቅጥቅጥ ነጻ ነው። የደኑ ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ተክለ ማርያምም በስልክ «በጊዮርጊስ ቀን ብትመጡማ ምንኛ ደስ ይለናል! ቅዳሴም ትሰማላችሁ» ብለዋታል። ያላጣራችው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የራሷን።

ያን ዕለት ማታ እናቷ ፈትለወርቅ ከጤና ጣቢያ ስትገባ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ «ሐረግ፣ ጌሾው እንዳያልቅብን ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ገበያ ብቅ በይ። ጊዮርጊስ ደርሷል» አለቻት።

ሐረገ ወይን ክው አለች።

ማኅበር! የሃያ ሦስት ተራ የእነሱ ነው። ባለፈው ወር ጽዋውን ከባለ ተራዋ ቤት ተቀብላ፣ በነጠላ ሸፍና፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች ያመጣችው ራሷ ነበረች። ጽዋው አሁንም ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ በየቀኑ ታየዋለች። ይህን ረስታ የአርባ ተማሪ ጉዞ ቀን ቆረጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

«እማዬ፣ ሃያ ሦስት እኮ ጉዞ አለን።»

«የምን ጉዞ?»

«የክበቡ። ጉና፣ ከዚያ ጣና። እኔ ነኝ ያቀድኩት።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልጄ፣ አባትሽ ያለው ስማዳ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ አይመጣም። ሠላሳ ሰው ብቻዬን ላስተናግድ? ማን ውሃ ይቀዳል፣ ማን ያቀርባል?»

«ሌላ ሰው ተራ ይቀይርሽ።»

«ጽዋ እኮ ነው ሐረግ። የባጃጅ ተራ አደረግሽው እንዴ?» እናቷ ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም እንጂ። «ጉዞው ሌላ ጊዜ ይደርስልሻል።»

ሐረገ ወይን ራቷን በወጉ አልበላችም። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ በረንዳው ላይ ወጣች፣ ብርዱ ሲያባርራት ገባች። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? አንድ ቦታ እረፊ እንጂ!» ብትላት «ምንም» አለች። ምንም አልነበረም? ተናዳ ነበር። በጣም ነው የተናደደችው። ከሁሉ በፊት በራሷ፣ ከዚያም በጽዋው፣ ከዚያም ስማዳ ሆኖ መሬት በሚለካው አባቷ። እሷ ደክማ ያቀደችውን ጉዞ ሌሎቹ ሄደው ፎቶ ሲለጥፉ ልታይ ነው!

በማግስቱ መምህር ጌታነህ የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ አገኟት። «እህ፣ ጸሐፊዋ፣ ሁሉ ነገር ተስተካከለ?»

አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። ወሬው ግን ተሰልፎ ሲጠብቃት የቆየ ይመስል ወጣ።

«ቲቸር፣ ቄሰ ገበዙ ሃያ ሦስት በዓል ስለሆነ እንግዳ መቀበል አይመቸንም አሉ። በሳምንቱ፣ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ፣ ኑ ብለዋል።»

መምህሩ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካህኑ ካሉ ምን ይደረጋል። ለሾፌሩ ንገሪው።»

በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ለጋሼ ይሁኔ ደወለች፤ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፈች። ርብቃ «አቦ ይመቻቸው፣ ጫማ የምገዛበት ጊዜ አገኘሁ» ብላ ጻፈች፤ ሌሎቹም አውራ ጣት ላኩ። ማንም አልተጎዳም አለች ሐረገ ወይን ለራሷ። ማኅበሩም ይደረጋል፣ ጉዞውም ይደረጋል፣ ቄሰ ገበዙም ሩቅ ናቸው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን ምን ዓይነት ስንቅ እንደሆነ እንጃ፣ ባደረ ቁጥር ይከብዳት ጀመር። መምህሩ በክፍል ውስጥ ቄሰ ገበዙን «አስተዋይ አባት፣ በዓላቸውን የሚያከብሩ» ብለው ሲያመሰግኑ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ደንገጥ ትላለች። ደብተር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ውሃ ቧንቧ አጠገብ ስትደርስ ዳዊትን ጀሪካኑ እስኪሞላ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ያለ ኢንተርኔት የምትሠራ ትንሽ ስልክ ስላለችው ግሩፑ ውስጥ የለም፤ የቀኑን መቀየር ያነበበው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነበር።

«ሐረግ፣ እኔን አትቁጠሪኝ» አላት። «በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አስገቢ።»

«ለምን?»

«ሃያ ዘጠኝ ደቦ ነው። የገብስ አጨዳ።»

«እና ደቦውን አንድ ሳምንት ቀደም ብታደርጉትስ?» አለች ፈጠን ብላ።

ዳዊት ሳቀ። «እሱማ በሃያ ሁለት ነበር። ለጉዞው ብዬ አባቴን ለምኜ ነው ወደ ሃያ ዘጠኝ ያስገፋሁት። ደቦ የተጠሩት ሰዎች ቤት እየዞርኩ ቀን ተቀይሯል ያልኩትም እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ መልሼ ብዞር ውሻ ነው የሚለቁብኝ።» ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ሳብ አደረገ። «ገብሱም ከዚህ በላይ አይጠብቅም፤ በረዶ ቢመጣ አለቀልን። ካህኑ በዓል ነው ካሉ ምን ታደርጊዋለሽ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ዳዊት ግን አልተቆጣም። የጀሪካኑን ክዳን እያጠበቀ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ማዶው የማይታይ ውሃ እውነት ነው? ለታናሽ ወንድሜ ጣና ማዶው አይታይም ስለው ትዋሻለህ ይለኛል። አይቼ መጥቼ ላሳፍረው ነበር።»

«እኔም አላየሁትም» አለች ሐረገ ወይን።

ይሄን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ይሁኔ ናቸው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ሃያ ሁለትን ትታችሁታል አይደል? ለተዝካር ወደ እስቴ የሚሄዱ ሰዎች አጠገቤ ቆመው ቀኑን ስጠን ይሉኛል። ልስጣቸው?»

አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አዎ ካለች መኪናው ተያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ብትጸጸትም ቀኑን የሚመልሰው የለም። ነገሩ ከእጇ ይወጣል፤ እሷም ሃያ ዘጠኝ ላይ ጉናን ትወጣለች። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መሐል ቆማ ፎቶ ስትነሣ ታያት። ዳዊትም ገብስ ሲያጭድ ታያት።

«ሄሎ? ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«አይስጧቸው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አይስጧቸው ጋሼ ይሁኔ። በሃያ ሁለት እንሄዳለን። እንደ መጀመሪያው።»

«ተቀይሯል ብለሽኝ የለም እንዴ? መምህራችሁስ?»

«አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቀኑ የእኛ ነው።»

«ኋላ ጉድ እንዳታደርጊኝ! እነዚህን ከመለስኩ መለስኩ ነው።»

«አላደርግዎትም።»

ስልኩን ዘጋች። ዳዊት ጀሪካኑን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ቄሰ ገበዙስ?»

«እሳቸው አልከለከሉም። ኑ ነው ያሉት።» መሬት መሬት እያየች ነው የምትናገረው። «ሃያ ሦስት ቤታችን ማኅበር አለ። እንዳልቀር ብዬ እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ዳዊት የሚያስቅ ነገር ይናገራል ብላ ጠበቀች። ፊቱ ግን ጠቆረ።

«ብትነግሪን እኮ አንድ ላይ እናስብበት ነበር» አለ። ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሄደ። አመሰግናለሁ አላለም፤ ደኅና ዋይም አላለም። ሐረገ ወይን ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ካለቀሰች ግን መምህራን ክፍል እንደማትደርስ ገብቷታል፤ ስለዚህ ሮጠች።

መምህር ጌታነህ የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የካህን ስም ጠርተሽ!»

«አዎ ቲቸር።»

«እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሳወድሳቸው ዝም ብለሽ ሰማሽኝ።»

«አዎ።»

«ዛሬውኑ ደውለሽ ይቅርታ ትጠይቂያቸዋለሽ። ለክበቡም አንቺው ራስሽ ትነግሪያለሽ። የቀረውን ከጉዞ ስንመለስ እንነጋገራለን።»

«እኔ አልሄድም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነባት። «ሃያ ሦስት ቤት እፈለጋለሁ።»

መምህሩ ትኩር ብለው አዩዋት። ተቀመጪም፣ ሂጂም ሳይሏት መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ በግሩፑ ላይ ጻፈች፤ ምክንያቱንም አልደበቀችም። ስልኳ ወዲያው ይንጫጫ ጀመር። ርብቃ «ውሸታም!» ብላለች፤ አንዱ የተናደደ ፊት ልኳል፤ ሌላው «እና ጨው ማን ይያዝ?» ይላል። አንዳንዱን አንብባ አንዳንዱን ሳታነብ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዕንባዋ አሁን መጣ፤ አላገደችውም። ነፋሱ ፊቷን እየመታው ስለነበር መንገደኛው ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ነው የሚያልፈው፤ ማን ያውቅባታል።

እናቷ ግቢ ውስጥ የታጠበ ጋን በፀሐይ ስትዘቀዝቅ ደረሰች።

«እማዬ፣ ለጊዮርጊስ አግዳሚ ወንበር ይበቃናል?»

እናቷ ቀና አለች። የልጇን ፊት አየች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ጉዞሽስ?»

«እነሱ ይሄዳሉ።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አይበቃንም» አለች። «ጎረቤታችን ገበያነሽ ቤት ሁለት አለ፤ ለምኚያት። አንደኛው ግን እግሩ ይነቃነቃል።»

«መዶሻው የት ነው?»

«ከበሩ ኋላ።»

ሐረገ ወይን መዶሻውንና ሁለት ምስማር ይዛ ወጣች። ልቧ አሁንም ጉና ላይ ነበር፤ እግሯ ግን ወደ ገበያነሽ ቤት ሄደ።