ኳስ ታቅፎ የሚሮጠው አጎት

«እንዳትምሪኝ» አለ አክረም፣ ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ። «ካዘንሽልኝ አውቅብሻለሁ።»

ናዲራ የጫማዋን ክር አጠበቀች። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ነው የመጣችው። ለንደን፣ ፓርላመንት ሂል ያለው የሩጫ ትራክ ላይ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤቷ በመቶ ሜትር የሚቀድማት አልተገኘም። ከጎኗ የቆመው የእናቷ ታናሽ ወንድም ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ በካናዳ ፉትቦል እየሮጠ እንጀራውን የበላ ሰው ነው።

«ብቻህን ለምን አትሮጥም ግን?»

«ብቻዬን ስሮጥ ሁሌም ፈጣን ነኝ» አለና ሳቀ።

የካናዳ ፉትቦል የነአርሰናል ዓይነት ኳስ አይደለም። ኳሱ እንቁላል ይመስላል፤ የሚያዘውም በእጅ ነው። አክረም ራኒንግ ባክ ነበር። ኳሱን ሆዱ ላይ ያስታቅፉታል፤ እሱ ደግሞ ሊጥሉት ከተደረደሩ ግዙፍ ሰዎች መሃል ቀዳዳ ፈልጎ ይሾልካል።

የመጀመሪያ ጨዋታውን ቤት ሆነው ሲያዩ ናዲራ አሥር ዓመቷ ነበር። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ አርችዌይ ባለችው ፍላታቸው፣ አባቷ ጀማለዲን ከሂትሮው አየር ማረፊያ ሥራው እንደተመለሰ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። እናቷ መይሙና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናታቸው ናይሮቢ ላይ ስትሞት አክረምን ያሳደገችው እሷ ናት፤ በኋላ እሱ ከአክስታቸው ጋር ወደ ካናዳ ሄደ፣ እሷ ወደ ለንደን መጣች። ዛሬም ድረስ «ልጄ» ነው የምትለው።

«ያረቢ፣ ልጄን ደፈጠጡት!»

«ኧረ ጥሩ ነው» አለ አባቷ። «ወደፊት ሄዷል እኮ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ተከምሮበት ምኑ ነው ጥሩ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጉን የማስረዳት ሥራ የናዲራ ሆነ። «እማዬ፣ ሦስት ሙከራ አላቸው። በሦስቱ አሥር ያርድ ካልሄዱ ኳሱን ይቀማሉ።» እናቷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አክረም ሲወድቅ ግን ያው ጩኸቷን ታቀልጠዋለች።

ሦስተኛው ዓመት ከሁሉ ይበልጣል። ለፍጻሜ ለማለፍ ሲጫወቱ ሜዳው በረዶ ለብሶ ነበር። አክረም ኳሱን ታቅፎ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን ገፈተረ፣ ከዚያ በኋላ ከፊቱ ነጭ ሜዳ ብቻ ቀረ። ኮሜንታተሩ ስሙን አበላሽቶ እየጠራ ጮኸ። አባቷ ናዲራን አቅፎ ዘለለ፤ ከታች ያሉት ጎረቤት ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። እናቷ ግን ምንጣፉ ላይ ለሱጁድ ተደፍታ ቀረች። ናዲራ ያንን ምሽት ስታስታውስ ሁልጊዜ የምትሰማው ያንን የመጥረጊያ ድምፅ ነው።

በአራተኛው ዓመት ጉልበቱ ተጎዳ፤ ኦፕራሲዮን ሆነ። በአምስተኛው ለሌላ ከተማ ቡድን አሳልፈው ሰጡት፤ እዚያም አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። ናዲራ ላፕቶፑን እየከፈተች ትጠብቃለች፤ ካሜራው አልፎ አልፎ ብቻ ያሳየዋል፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ።

ዘንድሮ ከኢድ በኋላ ሻንጣውን ይዞ ከተፍ አለ። «ረፍት ላይ ነኝ» አለ። እናቷ በደስታ ምን እንደምታበላው ጠፋት። ናዲራ ግን ውድድሩ በሚካሄድበት በሐምሌ የሚያርፍ ተጫዋች እንደሌለ ታውቃለች። ትናንት ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ሲወጡ፣ አክረም የብረት መደገፊያውን ይዞ አንድ አንድ እግሩን ሲያነሣ አየችው።

«አኬ፣ አሰናብተውሃል አይደል?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «አዎ። አሁን ግን ሌላ ቡድን ራኒንግ ባካቸው ተጎድቶባቸው ለትራይአውት ና፣ ሮጠህ እንይህ ብለውኛል። ነገ እደውላለሁ ብያቸዋለሁ።»

«ዶክተሩስ?»

«ደግሞ አንዴ ከተመታ ዕድሜ ልክህን ታነክሳለህ አለ። ዶክተር ደግሞ ብዙ ይላል።» ቀና ብሎ አያት። «ነገ ትራክ እንውጣ። ገና እንደምችል ልይ።»

ስለዚህ ነው አሁን መስመሩ ላይ የቆሙት።

«ሂድ!» ብሎ ራሱ ጮኸ።

አወጣጡ የድሮው ነበር። ጎንበስ ብሎ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረ፤ ናዲራ ከኋላው ቀረች። ያ ሰፊ ጀርባ፣ ያ የትከሻ አጣጣል፣ በቴሌቪዥን የምታውቀው ሁሉ እዚሁ ከፊቷ ነበር። እየሮጠች ሳቋ መጣ።

ግማሹ ላይ ግን ቀኝ እግሩ መግፋት አቃተው። ከትከሻው እኩል ሆነች። ትንፋሹን ሰማች። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብትቀንስ እሱ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ደስ ብሎት ይደውላል፣ ይሄዳል። አባቷ ላፕቶፑን ያገናኛል፣ እናቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ትጮኻለች። እነዚያ እሑዶች እንዴት ናፍቀዋታል!

የደረጃው መደገፊያ ላይ የነበረው እጁ ትዝ አላት። እርምጃዋን ዘረጋችና አለፈችው።

ስትዞር መስመሩን እየተራመደ ሲያልፍ አየችው። ሳሩ ላይ በጀርባው ተንጋለለና ክንዱን ዓይኑ ላይ ጣለ። ናዲራ እንባዋ መጣ።

«ይቅርታ፣ አኬ።»

«ምን አጠፋሽ?» ክንዱን አላነሣም። «ማሻአላህ። ስታልፊኝ ነፋስሽ መታኝ እኮ።»

ናዲራ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ምን እንደሚናፍቀኝ ታውቂያለሽ?» አለ። «የበረዶው ቀን አይደለም። ሜዳ ከመግባታችን በፊት ያለው ኮሪደር ነው። ማንም አያወራም። የጫማችን ጥርስ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ለእማዬስ ምን ትላታለህ?»

«እውነቱን፣ ማቆሜን። ዛሬውኑ።»

«ደስ ነው የሚላት። እስከ ዛሬ ሕጉ አልገባትም።»

አክረም ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ተነሥቶ ተቀመጠና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ናዲራ የሰው ስልክ መስማት ነውር ነው ብላ ቦርሳዋን አነገተች፤ ወደ ትራኩ በር መሄድ ጀመረች።

«ኮች፣ አክረም ነኝ» ሲል ሰማችው፣ በእንግሊዝኛ። «ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ግን...»

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ዞር ስትል ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም።

ናዲራ በሩን አየች። ከዚያ ተመልሳ ቦርሳዋን አወረደችና ሳሩ ላይ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ ተቀመጠች።