ከመቶኛው ስም በኋላ

«እስኪ አንብቢልኝ የኔ ልጅ። ወዳጄነሽ ሞላ ነው የምትባል።»

ወይዘሮ ብዙነሽ የጠፉ ሰዎች ስም ተጽፎባቸው በመርሳ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ወደተለጠፉት ሦስት ወረቀቶች በአገጫቸው ጠቆሙ። ፌቨን ጣቷን የመጀመሪያው ስም ላይ አድርጋ ወደ ታች መውረድ ጀመረች። ሀ አለፈ፤ ለ አለፈ፤ ሐ አለፈ። መ ላይ ብዙ ቆየች፤ መሐመዶቹ ብቻ ግማሽ ገጽ ይዘዋል። ሦስተኛው ወረቀት መጨረሻ ላይ ጣቷ ቆመ። «ሙሉቀን» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ተገንጥሎ የወደቀ አራተኛ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ብላ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የለም።

«አለች?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

ፌቨን ቀና ብላ አየቻቸው። እኚህ ሴት ከቆቦ ገጠር ተነስተው ወልድያ ድረስ ከልጃቸው ጋር በእግር መጡ። ወልድያ ላይ ሕዝቡ ሁሉ በአንዴ ወደ መርሳ ሲጎርፍ የልጃቸው እጅ ከእጃቸው አመለጠ። ይኸው ሦስት ሳምንታቸው ነው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ግን ፌቨን አፍ ላይ ተተክሏል።

«አለች» አለቻቸው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው።

«ሐይቅም ግራናም ባሉት መጠለያዎች የለጠፉት ይኸንኑ ነው?»

«አዎ፣ አንድ ዓይነት ነው።»

«ተመስገን! እንግዲያማ ያየዋል ሰው።» የፌቨንን ትከሻ ሳም ሳም አድርገው ወደ መኝታ ክፍላቸው ሄዱ። መኝታ ክፍል የሚባለው ዘጠነኛ «ለ» ነበር። መስከረም ቢጠባም ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም፤ ክፍሎቹ ሁሉ በተፈናቃይ ተሞልተዋል።

ፌቨንም ብትሆን የመርሳ ልጅ አይደለችም። ከእናቷ ከእልፍነሽ ጋር ከወልድያ ሸሽታ የመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አባቷ ዘውዱ መካኒክ ነው። ውጊያው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ጎብዬ መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ሊጠግን ሄዶ ነበር። እናቷ እንደነገረቻት ከሆነ በሌላ መንገድ ዞሮ ደሴ ገብቷል፤ እዚያ ጋራዥ ሥራ ይዟል። ይደውላል። ብቻ ሲደውል ሁልጊዜ ፌቨን ቤት የለችም።

ቤት የማትኖረው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚህ ስለምትውል ነው። የኮምፒውተር መምህሩ ሙሄዲን በራሱ ላፕቶፕ ለተፈናቃዮቹ ዳታቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ማን ከየት መጣ፣ የት አረፈ፣ ማንን ይፈልጋል። በአማርኛ ፈጠን ብሎ የሚተይብ ሰው ሲያፈላልግ ፌቨን እጇን አወጣች። መረጃው ወደ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ነበር። ችግሩ ማውጣቱ ላይ መጣ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን በፊደል ቅደም ተከተል አሰልፎ፣ ሰው ቆሞ የሚያነበው ዝርዝር አድርጎ የሚያትም ሌላ ሶፍትዌር ያስፈልግ ነበር። ቲቸር ሙሄዲን ከኢንተርኔት አንድ የሚያምር አገኘና የሙከራ ቅጂውን ጫነ። ትናንት ያተሙት በእሱ ነው።

ፌቨን በሩጫ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄደች። ሪፖርቱን ከፈተችና እስከ መጨረሻው ወረደች። ከ«ሙሉቀን» በታች ዓይን የማይይዛቸው ግራጫ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበሩ። የሙከራ ቅጂ ነው፤ በአንድ ሪፖርት ከመቶ ስም በላይ አይታተምም ይላል።

ዳታቤዙ ውስጥ የሚፈለጉት ሰዎች ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።

ቲቸር ሙሄዲን ሲመጣ ስክሪኑን አዙራ አሳየችው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አነበበው። ከዚያ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

«ወላሂ አላየሁትም» አለ። «ሰልፉ አምሮልኝ… ሐይቅም ልኬዋለሁ እኮ፣ ፌቩ። ግራናም።»

«ሙሉውን መግዛት አይቻልም?»

«ዋጋው በዶላር ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። የዓመት ደመወዜን ልስጥ ብል እንኳ የውጭ ባንክ ካርድ ከየት አመጣለሁ? ነገ በጠዋት ሌላ እንፈልጋለን። የምንችለውን።»

ስለ ወይዘሮ ብዙነሽ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን እሱም ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ተወችው።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የጋሽ አብዱልሐሊም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። ጋሽ አብዱልሐሊም ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ከመሳቢያቸው ፍላሽ አወጡ።

«ለዚህ ነው የምትጨነቁት? ያው ራሱ ሶፍትዌር ነው፤ ክራክ የተደረገ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ። ከእናንተ ሰባራ ሳንቲም አልቀበልም።»

ቲቸር ሙሄዲን ላፕቶፑን ግን አልሰጣቸውም። በሳቸው አሮጌ ኮምፒውተር፣ በውሸት ስሞች እንሞክረው አለ። ፌቨን ሁለት መቶ የፈጠራ ስም አስገባች። ሶፍትዌሩ ሁለት መቶውንም አሰልፎ፣ በሚያምር ሠንጠረዥ አወጣ። እስከ እኩለ ቀን ታትሞ ያልቃል፤ ወይዘሮ ብዙነሽም የተዋሹትን ሳያውቁ ስሙ ቦታው ላይ ይገኛል።

«ይኸው ሠራ እኮ፣ ቲቸር! እንጫነው በቃ።»

«ቆይ። ሲከፈት ምንድን ነው የጠየቀሽ?»

«ፀረ ቫይረሱን አጥፊ አለኝ። ኢንተርኔት ካልተገናኘ ደግሞ አልከፈትም አለ።»

«የተሰረቀ ነገር ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?» ቲቸር ሙሄዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ የያዝነው የሸሸ ሰው ስም ነው። ማን የት እንዳለ፣ ማን ብቻዋን እንደቀረች። በዚህ ጊዜ ይኼ ማን እጅ እንደሚገባ አናውቅም።»

ፌቨን ስክሪኑን አየች። የሚያምረው ሠንጠረዥ አሁንም እዚያው ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያልቅ የሚችል ሥራ። ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ ወላጅ ሳይኖራቸው ስምንተኛ «ሀ» ውስጥ ያረፉ ሴት ልጆች ስም አለ፤ ራሷ ናት የተየበችው።

ፍላሹን ነቅላ ለጋሽ አብዱልሐሊም መለሰች። ሰውየው አልተቀየሙም። «እውነታችሁን ነው» አሉና አንድ እሽግ ወረቀት አሸከሟት።

የቀረው ነፃው ነበር። ቲቸር ሙሄዲን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የያዘው፣ ማንም የማይከፍልበት፣ መልኩም ያረጀ ሶፍትዌር። የመጀመሪያውን ገጽ ሲያወጣ ፊደል የሚባል አልነበረበትም፤ በስሞቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ቲቸር ሙሄዲን ተፈናቃዮች ሲጠሩት ወጣ፤ ፌቨን ብቻዋን ቀረች። አንዱን ቅንብር ትለውጣለች፤ ሳጥን። ሌላውን ትለውጣለች፤ አሁንም ሳጥን። አንዴ ተናዳ ተነስታ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። በስተመጨረሻ የገባት ነገር ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ዓምድ የፊደል ዓይነት ለየብቻ እንዲመረጥለት የሚፈልግ መሆኑ ነው። የስሙን ዓምድ መረጠች። የቦታውን መረጠች። የፈላጊውን መረጠች።

ሳጥኖቹ ሰው ሆኑ።

መስመር የለውም፤ ጌጥ የለውም። ግን አሥራ ስምንት ገጽ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር 612 ይላል።

ቲቸር ሙሄዲን ተመልሶ ሲያየው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «እንደ መጀመሪያው አንታለልም። አንድ በአንድ ታነቢያለሽ፤ እኔ ፈላጊዎቹ በሞሉት ፎርም ላይ ምልክት አደርጋለሁ።»

ጀመሩ። እሷ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የታየበትን ቦታ ታነባለች፤ እሱ «አለ» ይላል። ሰ ደረሰ፣ በ ደረሰ፣ ተ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዋ ደርቆ ውኃ ጠጣች። «ወዳጄነሽ ሞላ፣ አሥራ ሰባት፣ ወልድያ» ስትል ድምፏ ከፍ አለባት። «አለች» አለ ቲቸር ሙሄዲን።

«ዘሀራ ሰይድ፣ ሠላሳ፣ ሮቢት።»

«አለች።»

«ዘነበ ካሴ፣ ስድሳ ሁለት፣ ቆቦ።»

«አለ።»

«ዘውዱ…»

ቆመች። ቲቸር ሙሄዲን ቀጣዩን ቃል ጠብቆ ሲቀርበት ከፎርሞቹ ላይ ቀና አለ።

ዘውዱ አራጌ፣ አርባ ስድስት፣ ጎብዬ። ሙያ፣ መካኒክ። ፈላጊ፣ ባለቤቱ እልፍነሽ።

ፌቨን መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሌላ ዘውዱ አራጌ ይኖራል። ጎብዬ የጠፋ ሌላ መካኒክ ይኖራል። ግን ሌላ እልፍነሽ?

«ፌቩ» አለ ቲቸር ሙሄዲን ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንቺ ሳትመጪ። እናትሽ ራሳቸው ናቸው ያስሞሉት። የምታውቂ መስሎኝ… በየቀኑ የምትመጪው ለሱ ብለሽ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ደሴ ነው ያለችኝ» አለች። «ይደውላል ብላኛለች።»

ቲቸር ሙሄዲን ፎርሙን ከክምሩ መዝዞ ፊቷ አኖረው። የእናቷ ፊርማ ነው፤ መጨረሻዋ ላይ እንደ ጅራት የምትረዝመው ፊርማ። ፎርሙ ሙሉ አልነበረም። «ሲወጣ የለበሰው» በሚለው ፊት ለፊት ምንም አልተጻፈም።

እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። ቲቸር ሙሄዲን ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው፣ ሌሎቹ እንዳያዩዋት። ሌላውን ነገ እንጨርሰው አላት። እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከአባቷ ስም በኋላ ገና ስንት ስም ነበር።

«ዘውዱ አራጌ፣ አርባ ስድስት፣ ጎብዬ» አለች።

«አለ» አለ ቲቸር ሙሄዲን፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማም።

እስከ ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አነበበች።

ወረቀቶቹን ስትለጥፍ ወይዘሮ ብዙነሽ ከኋላዋ መጡ። «ደግሞ አዲስ ወጣ?» አሉ።

ፌቨን ማጣበቂያውን መሬት አስቀመጠች። «እማማ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። የልጅዎ ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሐይቅም ግራናም አልነበረም። አሁን ነው የወጣው፤ ይኸው እዚህ ላይ። ነገ ይላካል።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ወረቀቱን አላዩም፤ እሷን ነበር የሚያዩት።

«ዛሬ ጠዋት ሐይቅ የሚሄድ የርዳታ መኪና ነበር» አሉ። «ዘመድ ፈላጊ ይዞ። ወንበር ደርሶኝ ነበር። ስሟ ከተለጠፈማ ሰው ያይላታል ብዬ፣ ቦታዬን ለአንዲት እመጫት ለቀቅሁላት።»

ፌቨን ማጣበቂያ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ለምን አለች አልሽኝ ልጄ?»

«ዓይንዎን አይቼ።»

ሴትየዋ አልተቆጡም፤ አላጽናኗትምም። «እስኪ የቱ ጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። ፌቨን ጣታቸውን ይዛ ስሙ ላይ አኖረችላቸው። እዚያው ተወቻቸው፤ ስትሄድ ጣታቸው ከስሙ ላይ አልተነሳም ነበር።

ቤት ስትደርስ ጀምበር እየጠለቀች ነበር። እናቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የርዳታ ምስር ትለቅማለች።

«አመሸሽ፣ ፌቩዬ። አባትሽ ደውሎ ነበር ዛሬም። መስመሩ ጥሩ አልነበረም እንጂ…»

መንገዱን ሁሉ ስታስብ የመጣችው የምትጮኸውን ነበር። ለምን ዋሸሽኝ፣ እኔ ሕፃን ነኝ ወይ ልትላት ነበር። አሁን ግን እናቷን አየቻት። ምስሯን ትለቅማለች ይባል እንጂ ጠጠሩንም ምስሩንም ወደ አንድ ወገን ነበር የምትገፋው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አዲስ የስልክ ጥሪ ስትፈጥር።

ፌቨን አጠገቧ ተቀመጠች። ከኪሷ አጥፋ ያመጣችውን የአባቷን ፎርም አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«እማ» አለች። «የአባባ ፎርም ላይ ሲወጣ የለበሰው የሚለው ባዶ ነው። ነገ ዝርዝሩ ሳይሄድ እንሙላው።»

የእልፍነሽ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ከዚያ እናቷ ወደ ፎርሙ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየች ተናገረች።

«ሰማያዊ ቱታ» አለች። «የግራ ኪሱ የተቀደደ። ሲመለስ እሰፋልሃለሁ ብዬው…»

ፌቨን በአንድ እጇ እናቷን አቀፈቻት፤ በሌላው ጻፈች። ሰማያዊ ቱታ፣ የግራ ኪሱ የተቀደደ። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

«ጫማውስ፣ እማ?»