ያልተዛወረው ከተማ

«ስንት ቀረ?» አለ ወንድሟ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሽቦ እየፈታ።

«አንድ ጌም።»

«ፍጠኚ እንግዲህ! እማዬ ከሥራ ሳትመጣ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጌ እሷ ኮምፒውተር ላይ ልገጥመው ነው።»

ልጅቷ የመጨረሻውን ጌም መረጠች። ወንድሟ የሚሠራው ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው፤ አዲሱን ሃርድ ዲስክ ያመጣላትም እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቱ ላይ ትጠመጠምበት ነበር። ዛሬ ግን «አመሰግናለሁ» ብላ ቁጭ አለች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደስታም ንዴትም ደጃፏን አልረገጡም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትምህርት ቤት ደርሳ ትመለሳለች፤ በቃ።

ጌም ማዛወር ቀላል ነው። እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ አንዱን መርጦ ወደ አዲሱ ዲስክ እንዲሄድ ማዘዝ፣ ከዚያ አረንጓዴው መስመር እየተንፏቀቀ ሲሞላ ማየት ነው። የመኪና ውድድሩ ቀደም ብሎ ሄዷል። እግር ኳሱም ሄዷል። በመጨረሻ የከተማ ግንባታው መስመር ሞላና «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አልተጠናቀቀም። ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ያ ጌም ክፉ ጠባይ አለው፤ ሴቭ የተደረጉትን ከተሞች የራሱ ፎልደር ውስጥ አያስቀምጥም። ወስዶ የሚወትፋቸው ሰነዶች የሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ነው። ጌሙ ተዛወረ እንጂ ከተማው እዚያው አሮጌው ዲስክ ላይ ቀርቷል። ወንድሟ ፎርማት ካደረገው የሁለት ዓመት ሥራ ድራሹ ይጠፋል።

ሥራው የእሷና የከንቲባዋ ነበር። ከንቲባዋ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ትእዛዝ ማብዛት ስለምትወድ ስሙ የወጣላት በዚሁ ጌም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣች አብረው ይገነቡ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ያለው የእሷ፣ ወዲያ ያለው የከንቲባዋ ነው። አንድ ቀን ከንቲባዋ የሚያስገባ መንገድ የሌለው ትልቅ ትምህርት ቤት ሠራች፤ ተማሪዎቹ ወንዝ ዳር ተገትረው ቀሩ። «ታዲያ ምን አለበት? እረፍት ነው በያቸው!» ብላ ስትከራከር ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። እማዬ ከሳሎን «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ጎረቤት አለ!» እስክትል ድረስ ሳቁ።

ከዚያ የሒሳብ ፈተናው መጣ። ከንቲባዋ ጎኗ ተቀምጣ ከእሷ ኮረጀች፤ ያውም ሰባተኛውን ጥያቄ ከነስሕተቱ። አስተማሪው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ «የኮረጀችው የትኛዋ ናት?» ሲል፣ ከንቲባዋ ቀደመች። «እሷ ናት ከእኔ ያየችው።»

እሷ አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣም። ዜሮ ተሰጣት፤ ለእማዬም ደብዳቤ ተላከ። ቤት ስትጠየቅም ዝም አለች። ዝምታዋ እንደ እሺታ ተቆጠረባት።

«ኮራጇ! አለቀ ወይስ አላለቀ?» ወንድሟ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። ቀልዱን ነው፤ ክፋት የለበትም።

«አዎ» ብትል በቃ። ማንም አይወቅሳትም፤ ጌሙ ነው ያጠፋው ይባላል። ከንቲባዋም የእጇን ታገኛለች። ይህን ስታስብ ትንሽ ደስ ይላት እንደሆነ ጠበቀች። ምንም የለም። ወንድሟ ያለቀ መስሎት ኪቦርዱን ወደራሱ ሳበና ጻፍ ጻፍ አደረገ። ወንዙ ላይ ለመሥራት ሦስት ቅዳሜ የፈጀባት ድልድይ ትዝ አላት። ድልድዩም እሷ ዝም ስላለች ሊጠፋ ነው።

«ቆይ!»

ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። የወንድሟ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ምነው?»

«አልጨረስኩም። ሴቭ ያደረግነው አልሄደም።»

«እና እስካሁን ምን ይዘጋሻል? ላጠፋው እኮ ነበር!»

የተቆጣው ስለ ጌሙ ነበር። የእሷ ዓይን ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባ አቀረረ።

«አልኮረጅኩም» አለች።

ወንድሟ ኪቦርዱን ለቀቀ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና የፈተናውን ነገር ነግራው እስክትጨርስ ድረስ አላቋረጣትም። ከዚያ «እኔ ደግሞ ኮራጇ እያልኩ…» ብሎ አንገቱን አከከ።

እሷ ፎልደሩን ከፈተች። ከተማው አንድ ፋይል ነው፤ የወንዙን ወዲህና ወዲያ መለየት አይቻልም። እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ ላከችው። ተናዳለች፣ በጣም ተናዳለች።

«ሰኞ ለአስተማሪው እነግረዋለሁ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

አሰበች።

«እስከ በሩ ድረስ» አለች። «ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ የምናገረው።»